ባለ አንድ እግሯ ወፍ

የመንደሩ አርማ በሚመረቅበት በዓል ቀን ጠዋት ከንቲባ ኤቫልድ ቁርስ አልበላለት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምሥራቅ ተፈናቅሎ ኦበርሊንዳ መንደር ሲገባ ስሙ "መጤው" ነበር። የመንደሩ ሰዎች ከንቲባ ካደረጉት በኋላም ቃሉ አልፎ አልፎ ያመልጣቸዋል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለመንደሩ አርማ ካስገኘ ግን ከእንግዲህ ማን ደፍሮ መጤ ይለዋል?

አርማውን ያገኘው እሱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ዳቦውን በየራሱ ምልክት እየለየ ሲጋግርበት የኖረው የጋራ ምድጃ ሲፈርስ፣ ከወለሉ ሥር ጠቁሮ የተሰነጠቀ የእንጨት ማኅተም ወጣ። በአንድ እግሯ የቆመች ወፍ ተቀርጾበታል። ከከተማ የመጡት ምሁር በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩትና ፈረዱ።

"ሽመላ ናት። በአንድ እግር መቆሟ ነቅቶ መጠበቅን ያመለክታል። ሦስት መቶ ዓመት አያንሳትም።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ያላጨበጨበችው የሟቹ አናጢ ሚስት፣ አሮጊቷ ዋልቡርጋ ብቻ ነበረች።

"ሁለተኛው እግሯስ?" አለች።

"ቀበሮ በልቶት ይሆናላ፣ እትዬ!" አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በየቀኑ ከልጇ መቃብር ስትመለስ ማዘጋጃ ቤት ጎራ ትላለች። ማኅተሙ ያለበት የመስታወት ሳጥን ፊት ቆማ ታየዋለች። ቤቷን ሰው ከረገጠው ዘመን አልፎታል። ብቸኝነትን ኤቫልድም አሳምሮ ያውቀዋል፤ ለእሷ ግን አላዘነላትም፣ ፈራት እንጂ።

"ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር ዶልታለች" አለው ለጸሐፊው። "ማኅተሙ የግል ነው የሚል ሰው ብቅ ካለ አለቀልን። የግል ማኅተም ለመንደር አርማ አይሆንም፤ ይሰረዛል።"

በበዓሉ ቀን አርማው የተሳለበት ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት፣ ደንብ ነውና፣ "ተቃውሞ ያለው ይናገር" ተባለ። ዋልቡርጋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ብድግ አለች።

"ቀለም ይዛለች! ልትደፋበት ነው" ሲል ጸሐፊው ለኤቫልድ ሹክ አለው።

"እኔ..." አለችና ባንዲራው ላይ የተሳለችውን ወፍ አየች። ከዚያ ላቡን የሚጠርገውን ኤቫልድን አየችው። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

"የለኝም" አለች በመጨረሻ። "ስቀሏት። ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት።"

ወዲያው ወጣች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ረስታዋለች። ኤቫልድ በጥርጣሬው አፍሮ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተከተላት። ደጃፉ ላይ ሲደናቀፍ ከቦርሳው አንድ አሮጌ የመዝሙር መጽሐፍ ወደቀ፤ ከመጽሐፉም የወየበ ወረቀት። በእርሳስ የተሳለች ወፍ ነበረች፤ እግሯ አንድ ብቻ። ከሥሯ በዋልቡርጋ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"የልጃችን የኦቲሊየ ዝይ፤ በአምስት ዓመቷ የሳለችው፣ 1921። አባቷ ለዳቧችን ማኅተም ሊቀርጽላት ነው። ለእራት ስለጠራኋት፣ 'ሁለተኛውን እግር ነገ እጨርሰዋለሁ' ብላለች።"