ዳቦ የሚበላ ዓሣ

ይመኙሻል መዘውሯን በጨርቅ ቋጥራ አልዩ አምባ ገበያ የወረደች ዕለት፣ ከመንደሯ ከጎረቤላ ሰው ያላያት አልነበረም። ዘመኑስ ምን ዘመን ነው፤ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በአጥር ቀዳዳ የሚጠብቅበት።

መዘውሩ የባሏ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ጥሎለት የሄደው፣ እጀታውን ሲያዞሩት ክር የሚጠቀልል የዓሣ ማጥመጃ ነው። ክሩ ግን ከዕድሜ ብዛት በስብሶ አልቋል።

ሸሪፍ የሚባል ነጋዴ አለ፤ አዋሽ ወርደው ለሚያጠምዱ ሰዎች ክር ይሸጣል። መዘውሩን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ዓሣ ሊያጠምዱ?»

«ምን አለበት? ዓሣው እንደሆነ መልኬን አያይም።»

«የት ነው የሚያጠምዱት?»

«አይራራ ወንዝ።»

«ሱብሃነላህ! የአይራራ ዓሣ ጣት አያክልም እኮ። ይቺ ቀጭኗ ትበቃዎታለች።»

«የእኔው ይከብዳል። ሁለት ዳቦና አንድ ኮዳ ውሃ ያህል።»

ሸሪፍ ቀና ብሎ አያት። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ስለ ክር እንጂ ስለ ዓሣ አልጠየቃትም።

ወፍራሙን አወጣ። «ይሄ በሬ ይጎትታል። ግን ለዚህ መዘውር አይሆነውም፤ አልታጠፍም እያለ ከላዩ ይፈናጠራል።» የተገመደውን አሳያት። «ይሄ ደግሞ ቀጭን ሆኖ ጉልበት አለው። ድንጋይ ካሻሸው ግን ይበጠሳል። ቦታው ድንጋይ አለበት?»

«ድንጋይ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ናይለኑን ይውሰዱ፤ መካከለኛውን። ቀለሙስ ምን ይሁን?»

«ከድንጋዩ የማይለይ።»

አመድማውን መረጠላት። ራሱ ክሩን በውሃ እያራሰ፣ ጠበቅ አድርጎ ጠቀለለው። «እስከ ጠርዙ አልሞላሁትም፣ ትንሽ ጎደል ይበል። አለዚያ ሲለቁት ተግተልትሎ ይወጣና ይተበተባል» አላት። ዋጋውን ብትጠይቀው እጁን አወዛወዘ።

«ዓሣው ሲጠግብ ይነግሩኛል።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ጎረቤላ ስትገባ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይሁኔ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ልጇን ዘርአ ዳዊትን ከግንቦት ጀምሮ ሲያሳድድ የከረመ ሰው ነው።

«ማን ሞቶብሽ ነው ነጠላ ያዘቀዘቅሽው?»

«ልጄ።»

«ቀጣፊ! ሬሳው የታለ?»

«የገደሉትን ጠይቅ።»

«ለፀረ አብዮተኛ ማዘን ክልክል ነው። መልሰሽ ልበሽ!»

«አንተ ከልክል፣ እኔ አዝናለሁ። ሁለታችንም ሥራችንን እንሥራ።»

አላፊ አግዳሚው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ይሁኔ ፊቱ ጠቆረ።

«የእኔ ልጅ ገብረአብ በአዲስ አበባ አድርጎ ይኸኔ ራሺያ ደርሷል፤ ይማራል። ያንቺው በየዋሻው ይሽሎከለካል። የልጅ አስተዳደግ ማለት ይኸ ነው!»

«ደብዳቤ ጻፈልህ?»

«ሩቅ አገር ነው። ይጽፋል።»

«ይጻፍልህ» አለችና አለፈችው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤቷ ጭስ አልወጣም። ግን ትኩስ ዳቦ በአገልግል ይዛ፣ ዘንጓን ተመርኩዛ ከመንደሩ ዳር ወዳለው ገደል ሄደች። ጭጋጉ አገሩን ሞልቶታል። አፋፉ ላይ ተቀምጣ መዘውሩን ከዘንጉ ጋር አሰረች፤ አንዱን ዳቦ ከኮዳ ውሃ ጋር በከረጢት አድርጋ ቁልቁል ለቀቀችው። ክሩ ሳይበጠስ፣ ሳይተበተብ ወረደ። እሰየው ሸሪፍ! አመድማው ክር ከገደሉ ድንጋይ ጋር አንድ ሆኖ ከዓይን ጠፋ። ከገደሉ ወገብ ዋሻ አለ። ከረጢቱ እዚያ ሲደርስ ክሩ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አለ።

ያኔ ነው ጠመንጃ ከኋላዋ ቀጭ ያለው። ይሁኔ ነው፣ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር። መጀመሪያ ዘንጉን ነጠቃት። ቀጥሎ አገልግሉ ውስጥ የቀረውን ዳቦ አንስቶ ገመጠ። የሌላ ሰው ዳቦ እየበሉ መሳደብ እንዴት እንደሚጥም እንግዲህ እሱ ነው የሚያውቀው።

«ጥቁር አዝሙድ ሳይቀር! የሚስቴን የእናናየሁን ዳቦ ቁርጥ። እሷ ናት ያስተማረችሽ?»

«ባለሙያ ናት፣ እናናየሁ።»

«እታች ማነው ያለው?»

«ዓሣ ነዋ።»

«ዳቦ የሚበላ?»

«የራበው ምን የማይበላ አለ።»

«ልጅሽ ነው!»

«ልጄ ሞቷል። ስለ ልጄ አንድም ቀን አልዋሸሁህም፤ አልሰማ ያልኸው አንተ ነህ።»

ይሁኔ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። «አነጣጥሩ! ብቅ ሲል በሉት። ማንም ይሁን ማን፣ ምሕረት የለም።»

ይመኙሻል ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። በገደሉና በጠመንጃዎቹ መካከል ገብታ ቆመች። ትንሽ ሴት ነበረች፤ ያን ዕለት ግን ማለፊያ አሳጣቻቸው።

«ይሁኔ፣ ለምኜህ አላውቅም። አሁን ልለምንህ። ዳቦህን ብላና ቤትህ ግባ።»

«ፈራሽ!»

«ለራሴ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?» አለና ሽጉጡን ከጆሮ ግንዷ ላይ ደገነው። ዓይኗን አልሰበረችም። አንገቱን ወደ ገደሉ አስግጎ ጮኸ። «ዘርአ ዳዊት! ውጣ! አለዚያ እናትህን እደፋታለሁ!»

ገደሉ ቃሉን ተቀብሎ ደጋገመው። ይሁኔ የያዘው ዘንግ ላይ ክሩ ተንቀጠቀጠ።

«አባዬ» አለ ከጭጋጉ ውስጥ የመጣው ድምፅ፣ «እሷን አትንካት፤ ወጣሁ።»