ወደ ዘጠነኛ አልወጣም

በኮንዶሚኒየማችን ሊፍት ከቀረ ወዲህ ፎቅ የሚመደበው በትንፋሽ ነው። በየዓመቱ ትንፋሽ የሚለካ ጭምብል ለብሰን የቆመ ብስክሌት እንነዳለን። ልቡና ሳንባው የበረታ ወደ ላይ ይወጣል፤ የደከመ ወደ ታች ይወርዳል።

አሠልጣኝ ደጀኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሯጮች ላይ ፊሽካ ሲነፉ ኖረው ሁለተኛ ፎቅ ተመደቡ። ስፖርት የሚባል የማያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ሰባተኛ ደረሳቸው። ምሳቸውን በገመድ ያወርዱላቸዋል።

እኔም ሠልጥኜ ስለማላውቅ፣ ዘንድሮ ከስድስተኛ ፎቅ እንዳያወርዱኝ ፈርቼ ነበር።

«እትዬ ወይንሸት፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከሠለጠኑት ወንዶች ሁሉ በልጠዋል። ዘጠነኛ ፎቅ!» አለኝ መዝጋቢው ከብስክሌቱ ስወርድ።

«ስህተት ነው። እኔ ሮጬ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

«ውሃው እኛ ጋ አይደርስም። በጀሪካን ይዤ እወጣለሁ።»

«ይሄማ ስፖርት አይደለም!» አሉ አሠልጣኝ ደጀኔ ከኋላዬ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ልጄ፣ እዚያው ስድስተኛ ተወኝ» አልኩት መዝጋቢውን።

«ለምን? የዘጠነኛ አየር እኮ ግሩም ነው።»

«ባለቤቴ የሰቀለው የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። ጠማማ ነው፤ ከተነቀለ ሌላ ግድግዳ አይቀበለውም።»

ከሞተ አራት ዓመት እንደሆነው አልነገርኩትም። መዝጋቢው ግን ውጤቴን ሰረዘው።

«እሺ፣ እንደገና ይሞክሩ። አሁን ግን ይድከሙ።»

ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ ደረቴን ይዤ ማቃሰት ጀመርኩ።

«እትዬ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጀመሪያ ፔዳሉን ይርገጡት።»