የተክሌ ስፖርት

"አየሁህ እኮ፣ ጋሽ ተክሌ! ልትክደኝ ነው?" አለች ብዙወርቅ፣ የደረጃውን መውጫ በሰፊው ዘግታ።

ተክሌ በእጁ የያዘውን ጥቁር ፌስታል ወደ ጀርባው ሸሸገ። ገና መንጋቱ ነው። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግማሹ ከእንቅልፉ አልተነሳም፤ ይቺ የታች ቤት ጎረቤቱ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባሏን ከኋላዋ አሰልፋ ስትጠብቀው ነበር።

"ምን አየሽ?"

"ትናንት ነዋ፣ ከታክሲ መስኮት! በአቃቂ መንገድ እጅህን እያወናጨፍክ እንደ ሯጭ ስትገሰግስ።" ወደ ባሏ ዞረች። "ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ማነው? ጋሽ ተክሌ። በፍስክ ቀን እንኳ ሥጋ የማይነካስ? ጋሽ ተክሌ። ወጥ ላይ ዘይት የሚቆጥብስ? ዶክተሩ ለስኳር በሽታህ ያዘዘልህን አንድም ሳይቀር እሱ ዱሮ ጀምሮታል። ያውም ማንም ሳያዘው!"

"ዱሮ" ያለችው የተክሌ ልጅ ማህሌት ፋርማሲ ልትማር ጅማ የሄደች ጊዜ ነው። ስኳሩም፣ ሥጋውም፣ ታክሲውም ተራ በተራ የቆሙት ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙወርቅ ያየችው ሁሉ ልክ ነበር፤ የሳተችው ምክንያቱን ብቻ ነው።

"እና ከዛሬ ጀምሮ እሱንም ይዘኸው ትሄዳለህ" አለችው።

ፈቀደ ከሚስቱ ትከሻ በላይ ብቅ አለ። አዲስ ቱታ ለብሷል፣ ነጭ ስኒከር ተጫምቷል፤ የቱታው የዋጋ ወረቀት ከአንገቱ ላይ አልተነቀለም። "እኔ እንኳ ተኝቼ ነበር" አለ፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው።

እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ እውነተኛው ምክንያት ደግሞ ፈቀደ ጆሮ መግባት የለበትም። ፈቀደ ጠዋት የሰማውን ማታ ብሎኩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ብሎኩ ያወቀው ደግሞ ጅማ ለመድረስ አይቸገርም። ማህሌት ለፋሲካ የመጣች ጊዜ ጠርጥራ፣ ቁጭ አድርጋ ነግራዋለች፦ "አባዬ፣ ለእኔ ገንዘብ ለመላክ ብለህ በእግርህ የምትሄድ ከሆነ፣ ትምህርቱን ትቼ ካፌ ገንዘብ ተቀባይ እሆናለሁ።" የእናቷን ነፍስ ይማርና፣ እንደ እሷ ናት፤ ያለችውን ታደርጋለች። እሱም በታክሲ እንደሚሄድ ምሎላታል።

"እሺ፣ እንሂድ" አለ ተክሌ።

አስፋልቱ ላይ ሲኖትራኮች አቧራ እየበተኑ ያልፋሉ። ፈቀደ መጀመሪያ ብዙ ወሬ ነበረው፤ ስለ ውሃው መጥፋት፣ ስለ ኮዬ ፈጬ የቤት ኪራይ። ትንሽ እንደሄዱ ወሬው አለቀ፤ ቀጥሎ ትንፋሹ።

"ተክሌ፣ ይሄ ስፖርት የት ነው የሚያልቀው?"

"ፋብሪካው በር ላይ።"

"የምትሠራበት?"

"አዎ።"

ፈቀደ ቆመ። "ሰው ስፖርት ሠርቶ ቤቱ ይገባል። አንተ ሥራ ትገባለህ?"

"ጊዜ ለመቆጠብ ነው።"

ፈቀደ ዝቅ ብሎ የተክሌን ላስቲክ ጫማ ተመለከተ። ጎኑ ተቀዶ በጋለ ቢላዋ ተጣብቋል። "በዚህ ነው የምትሮጠው?"

"ቀላል ነው። እግር ያስተነፍሳል።"

አንድ ሚኒባስ አጠገባቸው ፍጥነቱን ቀነሰ። "ቃሊቲ! ቃሊቲ! ሁለት ሰው!" ይላል ረዳቱ።

"በእናትህ እንሳፈር፣ እኔ እከፍላለሁ!" ፈቀደ ክንዱን ይዞ ጎተተው።

"ስፖርት አይቋረጥም!" ተክሌ እጁን መነጨቀ። ፌስታሉ ተቀደደ። አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ አቧራው ላይ ተንከባለለ፤ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ።

ረዳቱ "ሽማግሌዎቹ እየተጣሉ ነው፣ እንሂድ!" ብሎ በሩን ዘጋ።

ፈቀደ ጫማውን አነሳና ገለበጠው። ሶሉ አዲስ ነው። የተክሌን እግር አየ፣ መልሶ ሶሉን አየ።

ስልክ ጮኸ። ማህሌት ናት።

"አባዬ፣ ደህና አደርክ? ታክሲ ውስጥ ነህ?"

"አዎ፣ እዚሁ ..." አንድ ሲኖትራክ ጆሮ የሚበጥስ ጥሩንባ እየነፋ አለፈ።

"መንገድ ላይ ነህ! በእግርህ ነው!" ድምጿ ፈቀደ ጋ ሳይቀር ይሰማል። "ምለህልኝ አልነበር? እንግዲህ እኔም ያልኩህን ..."

ፈቀደ እጁን ዘረጋ። ተክሌ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። ፈቀደ ነጠቀው።

"ሄሎ፣ ማህሌትዬ! ጋሽ ፈቀደ ነኝ። አባትሽን አትቆጪው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስኳር ይዞኝ፣ በእግርህ ሂድ ተብዬ፣ ብቻዬን ሰነፍኩና ከታክሲ ጎትቼ አወረድኩት። ... አዎ፣ ዛሬ ጀመርን። ... መድኃኒቱንማ እውጣለሁ። ... ከምግብ ጋር? እሺ፣ ዶክተር። ... እሱማ ይነጫነጫል፤ ታክሲ አቀማጥሎት!"

ከስልኩ ውስጥ የማህሌት ሳቅ ተሰማ።

ፈቀደ ስልኩን መለሰለት። ከዚያ የጫማውን አቧራ በአዲሱ ቱታው እጅጌ ጠረገና ሰጠው። ሁለቱም ወደ አቃቂ ቀጠሉ። የፋብሪካው አጥር ሲታይ ተክሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ነገም ትመጣለህ?"

ፈቀደ ቡናማ የሆነውን ነጭ ስኒከሩን ቁልቁል ተመለከተ።

"እመጣለሁ። ይሄን ጫማ ግን እኔም በፌስታል ነው የማመጣው።"