ጠቋሚው የቆመበት

ባሌ ይርዳው ሽማግሌዎቹ ፊት ሲያጎርሰኝ ጣቱ ከንፈሬን ነካውና አጥወለወለኝ። ምን እንደበደለኝ አላውቅም። ማወቅም የለብኝም፤ የዘንድሮ ዕርቅ እንዲህ ነው። የሰው ትዝታ በጽሑፍ ስለሚቀመጥ፣ ሽማግሌዎች በደሉን ከተበዳይዋ ትዝታ ላይ ይሸሽጉታል፤ እሷም ትረሳዋለች። ከዚያ ተጎራርሶ መመረቅ ነው።

«አንዲት መስመር ብቻ ነው የሸሸግነው፣ ልጄ» አሉኝ ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ንጋቱ። «ደግሞም የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው።»

እንደወጡ አፌን በሳሙና ታጠብኩ። ትዝታዬን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩና ጠቋሚውን በቀስት ቁልፉ ባለፈው ማክሰኞ መስመሮች ላይ ነዳሁት። «እራት አቀረብኩ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ቁልፉን እጫናለሁ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። የተሸሸገ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያደርገዋል፤ ፊደሎቹ ባይታዩም አንድ በአንድ ይረግጣቸዋል። ጣቴ እስኪዝል ተጫንኩ። ድንቄም አንዲት መስመር! በስንት መከራ «ጠዋት ተነሳሁ» የሚለው ላይ ብቅ አለ።

«ምን ትጎረጉሪያለሽ?» አለኝ ይርዳው በሩ ላይ ቆሞ። «ታርቀን የለም እንዴ?»

ጠቋሚውን ወደ ኋላ ነዳሁት። ፋሲካ ላይ ቆመ። የእናቴ ተዝካር ላይ ቆመ። የሠርጋችን ሰሞን ላይ እንኳን ቆመ።

አፌን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። የጎረስኩት ሁሉ ወጣ።

«ይርዳው» አልኩት፣ ከንፈሬን እየጠረግኩ፣ «ይቺን የዕርቅ ጉርሻ እስከ ዛሬ ስንቴ አጉርሰኸኛል?»