ቁልቁለት የከበደው ጉልበት

ቀጀላ የቀበሌ ጥበቃ ነው። ካራማራ ላይ ጉልበቱን ተመቶ ሐኪም ከጠገነው ወዲህ የቀበና ቁልቁለት ጠላቱ ሆኗል። እንዲያው ደክሞታል፤ ጠብመንጃው ራሱ ከብዶታል።

ሊቀ መንበሩ ግን ድካም አያውቅም። «ለብሔራዊ ውትድርና አንድ ሰው ጎድሎናል። የአገርነሽን ልጅ ሲሞንን እስከ እሑድ ካላመጣህ፣ የትም ብትደብቀው ያንተን ኢቲቻ አወጣዋለሁ» አለው።

ኢቲቻ አንድያ ልጁ ነው። አፈሳው ሲጀመር እናቱ ታደለች፣ መሪ የሚባለው ሰፈር እህቴ ዘንድ ሸሽጌዋለሁ ብላለች። ቀጀላ ሄጄ ልየው ባለ ቁጥር፣ «ተከትለውህ ቢሄዱስ? ተው እባክህ!» ትለዋለች። እውነቷን ነው ብሎ ይቀራል።

ጎረቤታቸው እትዬ አገርነሽ አምና ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ግራ ጉልበታቸውን አውጥተው የብረት ተክተውላቸዋል። ሰፈሩ ጉድ ብሎ ነበር። አሁን በየማለዳው ምርኩዝ ይዘው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ።

«ወዴት ነው እትዬ?» አላቸው አንድ ቀን።

«ሐኪሙ ካልተራመድሽ ይደርቃል ብሎኛል።»

«ሲሞንስ?»

«የሲሞንን እግዜር ይወቀው። የልጅ ነገር መቼም ለሁላችንም አንድ ነው፣ ቀጀላ።»

ወሬ ሲያስቀይሱ ነው፣ አለ በሆዱ።

ሦስት ቀን አረማመዳቸውን አጠና። ሲወጡ እያቃሰቱ፣ አንድ እርምጃ ሄደው ሁለቴ ያርፋሉ። ሲወርዱ ቀለል ብለው ነው። ይህ ለሌላው ምንም አይደለም። ቀጀላ ግን በገዛ እግሩ ያውቀዋል፤ የተሠራ ጉልበት ዳገቱን እንደ ምንም ይችላል፣ የሚያስለቅሰው ቁልቁለቱ ነው። እንግዲያው እኚህ ሴትዮ ሲወጡ ከጋቢያቸው ሥር ሸክም አለ። ስንቅ!

የዚያን ሰሞን ታደለች ቆሎ መቁላት አብዝታለች። «ለእትዬ አገርነሽ ነው፤ ጉልበታቸው ምጣድ ፊት አያስቆማቸውም» ትላለች። ለካ ሲሞንን የሚቀልበው የገዛ ቤቱ ቆሎ ነው! ደሙ ፈላ። ለታደለች ግን ትንፍሽ አላለም። የሰው ልጅ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሆነ ብትሰማ ዐይኑን አታየውም። ምን ያድርግ? አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ከኋላቸው ወጣ። ጉልበቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ባሕር ዛፉ መሀል የቅጠል ጎጆ አየ።

እትዬ አገርነሽ ዞር ሲሉ አዩትና ክው አሉ። «ቀጀላ፣ በእመቤቴ! ተመለስ፣ አትየው!»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። እኔም አባት ነኝ።»

ታጣቂዎቹ ጠብመንጃቸውን አቀባበሉ። ቀጀላ ወደ ጎጆው ዞሮ፣ «ውጣ!» ብሎ ጮኸ።

እጁን ወደ ላይ አንስቶ የወጣው ኢቲቻ ነበር።