ኖር የሚለው ሮቦት

የመዝናኛ ፓርኩ ሮቦት ሽማግሌ በመጀመሪያው ዓመት አንገቱን ብቻ ነበር የሚነቀንቀው። በሁለተኛው ዓመት ዓይኑን ማርገብገብ ቻለ። ዘንድሮ ደግሞ የሠራችው መሐንዲስ ከወንበሩ ተነስቶ «ኖር!» እንዲል አደረገችው።

«ባለሀብቱ እንግዳችን ሲገባ ይነሳለት» አላት ሥራ አስኪያጁ። «ጽዳት ሠራተኛዋን እማማ በላይነሽን ደግሞ በጓሮ በር አስወጪልኝ። መጥረጊያ ይዘው እንግዳ ፊት እንዳይንጎራደዱ።»

«እሳቸውን አላስወጣም!» አለችው። ስለ ሮቦቱ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ወጣቱ ባለሀብት በጭብጨባ ወደ አዳራሹ ገብቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ዓይኑን አርገበገበ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

«አስነሺው እንጂ!» አላት ሥራ አስኪያጁ በላብ ተጠምቆ። እሷ እጇን አጣምራ የጓሮውን በር ትመለከት ነበር።

ያን ጊዜ እማማ በላይነሽ መጥረጊያቸውን ይዘው ከጓሮ በኩል ብቅ አሉ። ሽማግሌው ጋቢውን ሰብስቦ ብድግ አለ።

«ኖር፣ እማማ!»

ባለሀብቱ ሮቦቱን አየና ደንግጦ ተነሳ። አዳራሹ ተከትሎት ተነሳ። ሥራ አስኪያጁም ሳይወድ በግዱ ከወንበሩ ተላቀቀ።

«በእግዜር! ተቀመጡ፣ ልጆቼ» አሉ እማማ በላይነሽ። ከዚያም መጥረጊያቸውን እንደያዙ በመሃል አልፈው በዋናው በር ወጡ።