ቀይ ግመሎች

ፊርዶስ የካርቶኑን ክዳን ስትገልጠው ሽታው ጉሮሮዋ ድረስ ገባ። ፊቷን አዙራ ሳለች። ሳሉ ሲለቃት ተመልሳ ብታይ አርባዎቹ የእንጨት ግመሎች ደም ውስጥ የተነከሩ ይመስል ቀልተው ያብለጨልጫሉ።

የመኪና ቀለም መሆኑን አቦይ ኣረፋይነ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ነገሯት። እሷ እናቷን ልትጠይቅ ኮምቦልቻ በሄደችባቸው አራት ቀናት፣ ጎረቤት ያለው ጋራዥ የተረፈውን ሰጥቷቸው ቀብተው ጨርሰዋል። ግመሎቹን ያዘዘው መዋዕለ ሕፃናት ደማቅ ነገር ይወዳል አሉ፤ እንጨት እንጨት የሚል አሻንጉሊት ማን ዞር ብሎ ያየዋል። ካርቶኑን የሚወስደው ባጃጅ ደጅ ቆሟል።

ግመሉን የፈጠረችው እሷ ናት። ያለ ባትሪ፣ ያለ ቁልፍ፣ ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ሲያኖሩት እግሮቹን እያፈራረቀ በራሱ የሚሄድ ግመል። እጇን ያፍታቱት ግን እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስታጣ፣ ዘመድ በሌላት መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ዳገቱ ላይ ያለችውን የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ከፈቱላት። ሦስት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ አብረዋት ተቀምጠው መሮ አያያዝ አስተማሯት፤ ሽሯቸውን ከፍለው አበሏት። አሻንጉሊት መጀመሪያ የሚገባው አፍ ውስጥ ነው ይሏት ነበር፤ ያለቀውን ሁሉ ፊቷ እየላሱ ያሳዩዋት ነበር። ከሰምና ከኑግ ዘይት በቀር ምንም አስቀብተዋት አያውቁም።

አንዱን አነሣች። ጣቷ ተጣበቀበት። ሆዱ ሥር እሷው የቀረጸችው ስሟ አለ፤ ቀለሙ ፊደሎቹ ውስጥ ገብቶ ረግቷል።

«እስቲ ይቅመሱት፣ አቦይ» አለችና ዘረጋችላቸው።

ሽማግሌው ግመሉን አዩት እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም። ልጆቹ አስተማሪ አላቸው፣ ሲያኝኩት ዝም ብላ አታይም አሉ። ሲደርቅ ደግሞ ምንም አይልም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ መሮ ያስያዘሽ ማን ነው?»

በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ይህን አንሥተውባት አያውቁም። ከቀለሙ ይልቅ ይህ አስጠላት። የበላችው ሽሮ ሁሉ ዕዳ የሆነባት መሰላት። የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ እጇ ክዳኑን ሊዘጋው፣ ካርቶኑን አንሥቶ ለባጃጁ ሊሰጠው ጀምሮ አገኘችው። የገዛ እጇን ተጸየፈችው።

«እርስዎ ነዎት» አለች። «ግን አልልከውም።»

የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አሰረች፤ ብርጭቆ ወረቀት ከመደርደሪያው አውርዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ግመል መፈግፈግ ጀመረች። አቦይ ኣረፋይነ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና ወጡ። ለባጃጁ ነጂ በትግርኛ ዛሬ አይሆንም፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱም ጥፋቱ የኔ መሆኑን ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ሲሉት ሰማች። ባጃጁ ዳገቱን ባዶውን ወረደ።

ተመልሰው ገቡና ከጎኗ ተቀመጡ። ከካርቶኑ አንድ አንሥተው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ይፍቁ ጀመር። ዛሬም እጃቸው ከእሷ ይፈጥናል፤ ወዲያው እንጨቱ ከቀለሙ ሥር ነጣ ብሎ ብቅ አለ። ፊርዶስ ልታመሰግናቸው ፈለገች። እጅጌያቸው ግን ያ የቀለም ሽታ አለበት፤ ክንዳቸው ክንዷን ሲነካት ሳታስበው ፈቀቅ አለች።

አዩዋት። ፍቀታቸውን ግን አላቆሙም። በመካከላቸው በተከፈተችው የአግዳሚው ቦታ ላይ ቀዩ ብናኝ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር።